ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ጉልበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ገጻችሁ ስለ ታይቺ፣ ስለዚያ ቀስ ተብሎ ስለሚሠራው የቻይና የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሱቄ ውስጥ ደንበኛ በጠፋበት ሰዓት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ስለ ታይቺ በአማርኛ ሲጻፍ ማየት ብርቅ ነው። ሁለተኛ ሳነበው ግን ደሜ ፈላ። ስኳር ያድናል፣ ደም ግፊት ያጠፋል፣ ካንሰር አያስጠጋም ትላላችሁ። ከጎኑ ደግሞ ግራ እግሯን አስቀድማ እጆቿን የዘረጋች ሴት ሥዕል አለ። የሴትየዋ ጉልበት ከእግሯ ጣቶች አልፎ፣ ያውም ወደ ውስጥ ተጣሞ ነው የሚታየው። ነገ ጠዋት ጋዜጣውን መሬት ላይ ዘርግቶ ያንን ሥዕል የሚኮርጅ ሰው ታየኝና ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ተነሣሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። መርካቶ ጨርቅ የምሸጥ፣ ስድሳውን ያለፍኩ ሴት ነኝ። ከ2003 እስከ 2009 ዓ.ም. ግን ቻይና፣ ጓንጁ ከተማ ኖሬአለሁ። ሻውቤይ በሚባለው ሰፈር ከሌሎች ሐበሾች ጋር ቤት ተከራይቼ ጨርቅ እየገዛሁ በኮንቴነር እልክ ነበር። ሰፈሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከመላው አፍሪካ የመጣ ነጋዴ የሚርመሰመስበት ነው። ከዚያ በእግር የሚደረስ ዩዌሹ የሚባል ትልቅ መናፈሻ አለ፤ ያ የአምስቱ ፍየሎች ሐውልት የሚገኝበት። ሐውልቱን አይቼ ፎቶ ተነሥቼበታለሁ እንጂ ጎሕ ሲቀድ መናፈሻው ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለመጀመሪያው ዓመት አላወቅሁም። ነጋዴ ያን ሰዓት ወይ ተኝቷል ወይ ሒሳብ ላይ ነው።

ወደ መናፈሻው የወሰደኝ ትከሻዬ ነው። በ49 ዓመቴ ቀኝ ትከሻዬ ድንገት ተቆለፈ። ፀጉሬን መጎንጎን አልቻልኩም፤ ጡት መያዣዬን የምታስርልኝ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ነበረች። በዚያው ክረምት ለሸቀጥ ጉዳይ አዲስ አበባ ስመለስ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። ቅቤ ቀብቶ፣ «ይህችን ቻይ እናቴ» ብሎ ሲያላጋኝ ሰማይ ምድሩ ዞረብኝ፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት እጄን ከጡቴ በላይ ማንሣት አቃተኝ። ጓንጁ ተመልሼ ሐኪም ሲያየኝ ሳቅ አለና «የሃምሳ ዓመት ትከሻ» አለኝ። ቻይናዎች የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው፤ ሃምሳ ዓመት አካባቢ ስለሚይዝ። በጊዜው ራሱ ይለቃል፣ እስከዚያው ግን ሳታስጨንቂው አንቀሳቅሽው አለኝ። ይህን የምጽፈው ትከሻዬን ያዳነው ታይቺ ነው እንዳልል ነው። ሊለቅ የነበረ ትከሻ ነው። እኔ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው።

መናፈሻው ውስጥ ከትልልቆቹ ዋርካ መሰል ዛፎች ሥር በየቡድኑ ይቆማሉ። አንዱ ጥግ ደንስ፣ አንዱ ጥግ ሰይፍ፣ ሌላው ወፉን ከነጎጆው ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሻዩን ይጠጣል። እኔን የተቀበሉኝ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ቁመታቸው ከደረቴ የማያልፍ ሴት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኔም የምጠራቸው «ላውሺ» እያልኩ ነበር፣ አስተማሪ ማለት ነው። አንድ ቀን ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ገለጥ ሲል ክብ ክብ ወይን ጠጅ ምልክት አየሁና ደነገጥኩ፤ ለካ ዋግምት ነው! እኛ በቀንድ የምናደርገውን እነሱ በብርጭቆ ያደርጉታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዘመድ ዘመድ ሸተቱኝ።

ገና ከመጀመሪያው ቀን «ማን ማን» ይሉኝ ጀመር። እጄን ባነሣ «ማን ማን»፣ እግሬን ብዘረጋ «ማን ማን»። እኔ ደግሞ ቻይንኛዬ የገበያ ነው፤ ቁጥርና «ቀንሱልኝ» ብቻ። ስለ ማን እንደሚጠይቁኝ ግራ ገብቶኝ ዞር ዞር እያልኩ ሰው እፈልጋለሁ። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆኜ በመጨረሻ አንዲት ተማሪ ናት የነገረችኝ፤ ቀስ፣ ቀስ ማለት ነው። ዛሬ እንኳ መርካቶ ውስጥ ሰው ሲያጣድፈኝ ለራሴ «ማን ማን» እላለሁ፤ አጠገቤ ያለው ግን «ማንን ነው?» ይለኛል።

ለአንድ ወር ያህል መንቀሳቀስ አልተፈቀደልኝም። መቆም ብቻ። እግርን በትከሻ ልክ ከፍቶ፣ ጉልበትን ትንሽ ለቀቅ አድርጎ፣ እጅን ዛፍ እንዳቀፉ ክብ አድርጎ መቆም። እኔ በልቤ፣ ቅዳሴ ሙሉ ቆሜ የማስቀድስ ሰው መቆም ሊያስተምሩኝ ነው ብዬ ስቄአለሁ። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ጭኔ እንደ ቆየ ወፍጮ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላውሺ መጥተው ትከሻዬን በሁለት ጣት ነካ አደረጉ። ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደርሷል፣ እኔ አላወቅሁም። ዝቅ አደረግሁት። ወደ መንገጭላዬ አመለከቱኝ፤ ጥርሴን ነክሻለሁ። ለቀቅሁት። የእግሬን ጣቶች አሳዩኝ፤ ጫማዬ ውስጥ መሬቱን እንደ ጭልፊት ጨብጠዋል። አንዱን ስለቅ ሌላው ይያዛል። እየዞሩ የሚሉት ቃል አንድ ነው፦ «ሶንግ»። ትርጉሙን ብዙ ሰው ጠየቅሁ፤ የኛ የሰፈር ልጆች «ፈታ በይ» የሚሉት ይቀርበዋል ብያለሁ። ግን መዝረክረክ አይደለም። ቆመሻል፣ አጥንትሽ ተሸክሞሻል፣ የማያስፈልገው ብቻ ተለቋል።

ክቡር አዘጋጅ፣ ጽሑፋችሁ ውስጥ ያጣሁት ይህን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጆንያ ስሸከም፣ ጉምሩክ ወረፋ ላይ ስቆም፣ ከደንበኛ ጋር ስከራከር ትከሻዬን ጆሮዬ ላይ ሰቅዬ እንደኖርኩ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሌሊት ራስ ምታት ነበረብኝ፤ የንግድ ጭንቀት ነው ብዬ ክኒን እውጥ ነበር። ያ ራስ ምታት ጠፍቷል ለማለት አልደፍርም፤ ሲመጣ ግን ከየት እንደተነሣ አውቀዋለሁ፣ ገና አንገቴ ላይ እያለ እይዘዋለሁ። ከዚህ የበለጠ ተአምር አላየሁም፣ አልፈለግሁምም።

ስለ ታሪኩ የጻፋችሁትም ማስተካከያ ይሻል። «የ5 ሺህ ዓመት ጥበብ» ብላችኋል። ቻይናዎቹ ራሳቸው ዉዳንግ ተራራ ላይ ዣንግ ሳንፌንግ የሚባል መናኝ ፈጠረው ብለው ይተርካሉ፤ ያ ግን አፈ ታሪክ ነው። በደንብ የሚታወቀው ሥሩ ሄናን ክፍለ ሀገር፣ ዌን ወረዳ ውስጥ ያለች የቼን ቤተሰብ መንደር ነው፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ቼን ዋንግቲንግ የሚባል የጦር ሰው ጀመረው ይባላል። በ19ኛው መቶ ዘመን ያንግ ሉቻን የሚባል ሰው ከዚያች መንደር ተምሮ ቤይጂንግ ወሰደው፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ደግሞ ለሕዝብ አስፋፉት። እኔ የተማርኩት የያንግን መንገድ ነው። መናፈሻ ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚሠራው ባለ 24 እንቅስቃሴው ደግሞ ጥንታዊ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1956 የቻይና መንግሥት የስፖርት ኮሚሽን ለሕዝብ እንዲመች ከያንግ ቀንሶ ያዘጋጀው ነው፤ ተሠርቶ ለማለቅ ስድስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከእናቴ ጋር እኩያ ያልሆነ ነገር አምስት ሺህ ዓመቱ ነው ሲባል እስቃለሁ።

«የውስጥ» የሚባሉት የቻይና የትግል ጥበቦችም ታይቺ ብቻ አይደሉም። ባጓ የሚባል በክብ እየዞሩ የሚሠሩት አለ፣ ሺንግዪ የሚባል ቀጥ ብሎ እንደ ጦር የሚገባ አለ። ሱን ሉታንግ የሚባለው ሰው ሦስቱንም ጠንቅቆ አውቆ የራሱን የታይቺ መንገድ አውጥቷል። «የውስጥ» ማለት ምሥጢር ማለት አይደለም። ላውሺ ሲያስረዱኝ በጡንቻ ፈንታ በሐሳብ ምሩት ማለት ነው አሉኝ፤ እነሱ «ዪን እንጂ ጉልበትን አትጠቀም» የሚል አባባል አላቸው፣ ዪ የሚሉት ሐሳብን፣ ልብ ማድረግን ነው።

አንድ ቀን ይህን በእጄ ነካሁት። ጡረታ የወጡ፣ ክሳት የበዛባቸው ሽማግሌ ነበሩ። «እጅ መግፋት» የሚሉት ልምምድ አለ፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ እጅ ለእጅ ተነካክቶ አንዱ የአንዱን ሚዛን የሚፈትንበት። እኔ ጆንያ የለመደ ክንድ አለኝ፤ ገፋኋቸው። የተዘጋ መስሎሽ በትከሻሽ የገፋሽው በር ክፍት ሆኖ ሲገኝ የሚሰማው ነው የተሰማኝ። ደረታቸው እዚያ ነበር፣ ስደርስ የለም። እጄ አልተመታም፣ ማንም አልጎተተኝም፤ በራሴ ግፊት ሁለት እርምጃ ተንደረደርኩ። እንደገና ገፋሁ፣ አሁን በንዴት። እንደገና ተንደረደርኩ። ሦስተኛውን ልገፋ ስል መዳፋቸውን ክርኔ ላይ አሳረፉና ቀስ ብለው ፊት ለፊት ተመለከቱኝ፤ ገና ሳልገፋ ትከሻዬ መነሣቱን በመዳፋቸው ያውቁት ነበር። ወሬውን ቀድሞ የሚናገረው ትከሻዬ ነው።

ነጋዴ ስለሆንኩ ወዲያው ያሰብኩት ስለ ዋጋ ነው። አንድ የጨርቅ አከፋፋይ ነበረች፣ ስንገናኝ የምንጮህባት። በዚያ ሳምንት ስትጮህብኝ አልጮህኩም፤ ተንፍሼ ትከሻዬን ጣልኩና ዝም አልኩ። ትንሽ ጮኸች፣ ደከማት፣ ሂሳብ መምቻዋን አነሣች። ዋጋው የቀነሰው በሜትር ሃያ ሳንቲም የማይሞላ ነው፤ ግን ያን ቀን ማታ እራት በላሁ። ሌላ ጊዜ ከእሷ ጋር ስጣላ የምበላው ክኒን ነበር።

ወደ ሀገሬ ስመለስ ሌላ ጣጣ መጣ። ጠዋት ግቢዬ ውስጥ «እጅን እንደ ደመና» ማወዛወዝ ስጀምር ዘበኛችን በር ከፍቶ ቆሞ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ በጆግ ጠበል ይዛ መጣች፤ «እትዬ፣ ነክቶሽ ይሆናል፣ አትናቂው» አለችኝ። ጠበሉን ተቀብዬ ጠጣሁ፣ ጠበል አይናቅም። ነገሩ ግን የንስሐ አባቴ ጆሮ ደረሰ። ጠርተው «ምን አምልኮ ነው ያመጣሽው?» አሉኝ። ሠርቼ አሳየኋቸው። «የዱር ፈረስ ጋማ መክፈል»፣ «ነጭ ሽመላ ክንፏን ስትዘረጋ» የሚባሉትን እንቅስቃሴዎች፣ ሁሉንም በዝምታ ተመለከቱና፣ «ይህን ስታደርጊ በልብሽ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። እቆጥራለሁ አልኳቸው፤ ካልቆጠርኩ እረሳዋለሁ። «ቁጠሪ እንግዲህ» ብለው ተነሡ። ሲወጡ ግን ጉልበታቸውን ይዘው ነበር፤ ስግደት ያደከመው ጉልበት።

የእህቴ ልጅ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። ስልኩ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 ቼንግዱ ከተማ ውስጥ የተደረገውን ግጥሚያ አሳየኝ፤ ሹ ሻውዶንግ የሚባለው የትግል አሠልጣኝ አንዱን የታይቺ መምህር ነኝ ባይ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ መሬት ላይ ጥሎ ሲደበድበው። «አክስቴ፣ ይኸውልሽ ጥበብሽ» አለኝ። እውነቱን ነው። ቻይና ውስጥ በጣቴ እንኳ ሳልነካ ሰው እጥላለሁ የሚሉ አሉ፣ ያንን ቪዲዮ አይተው ቢያርፉ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ቦክሰኛ ልጥል አልነበረም የሄድኩት። ከሰው ጋር ሳይሆን ከመሬት ጋር ነው ጠቤ።

ይህን በቀልድ አላልኩም። እናቴ በ74 ዓመታቸው ማለዳ ደጅ ሲወጡ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከዚያ አልጋ በኋላ አልተነሡም። ስለዚህ ላውሺ ካስተማሩኝ ሁሉ የማልረሳው አረማመዱን ነው። ሰው ሲራመድ እግሩን ሲያሳርፍ ክብደቱም አብሮ ይወድቃል። እዚያ የሚያስተምሩት ድመት እንደምትራመደው ነው፤ መጀመሪያ እግሩ ባዶውን ይሄዳል፣ ተረከዙ መሬቱን ይጠይቃል፣ መሬቱ እሺ ካለ በኋላ ነው ክብደቱ ቀስ ብሎ የሚፈሰው። መሬቱ እምቢ ካለ ባዶ እግርሽን ትመልሻለሽ፣ የኋላው ተሸክሞሻልና። ይህን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ከሱቄ ፎቅ ወደ ታች ስወርድ ደረጃው የሰው እግር ያመጣው ጭቃ ተለቅልቆበታል፤ ሰሌዳው ሴራሚክ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ሳሙና ይሆናል። ክንዴ ላይ ሁለት ጥቅል ጨርቅ ይዣለሁ፣ እግሬ የት እንደሚያርፍ አላይም። ግራ እግሬ ደረጃውን ሲነካ ሸርተት አለ። ልቤ ወደ ጉሮሮዬ ወጣ። ክብደቴ ግን ገና አልሄደም ነበር፤ ቀኝ እግሬ ላይ ነበርኩ፣ ጉልበቴ ለቀቅ እንዳለ። ግራ እግሬ አየር ላይ ተንሳፍፎ፣ ሁለት ጥቅል እንደታቀፍኩ በአንድ እግሬ ቆምኩ። ከሥሬ ጆንያ የተሸከመው ወዛደር ቀና ብሎ «እማማ፣ ዳንሰኛ ነበሩ እንዴ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ እግሬን መልሼ፣ ጥቅሉን ለሱ ሰጥቼ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ትንሽ አለቀስኩ። እናቴ ትዝ ብላኝ ነው።

ልጄ ነርስ ናት፤ ጽሑፋችሁን አሳየኋትና እሷም እንደኔ ተበሳጨች። ተአምር አለ ማለት አያስፈልግም፣ በጥናት የተገኘው ራሱ ይበቃል አለችኝ። መርጣ ያነበበችልኝን እነሆ። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አለ፤ 195 የፓርኪንሰን (ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል በሽታ ነው) ሕሙማን ሦስት ቦታ ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን በሳምንት ሁለት ቀን ታይቺ፣ ሁለቱ ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ ለስድስት ወር ያህል ሲሠሩ፣ ሚዛን በመጠበቅ የታይቺዎቹ በልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የጉልበት አንጓ ሕመም ያለባቸው 204 ሰዎች በታይቺና በፊዚዮቴራፒ ተነጻጽረው ውጤቱ ተቀራራቢ ሆኗል። ፓርኪንሰንን ያድናል አልተባለም፤ መድኃኒታችሁን ጣሉ አልተባለም። ስኳር ያለበት አንባቢያችሁ ጽሑፋችሁን አምኖ ኢንሱሊኑን ቢተውስ?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያንን «ያድናል» የሚለውን ቃል በሚቀጥለው እትም አርሙልን። ሁለተኛ፣ ሥዕሉን ቀይሩት። ሠዓሊያችሁ እንዲያውቀው፦ የፊተኛው ጉልበት ከእግር ጣት አያልፍም፣ አቅጣጫው ከመሐለኛው የእግር ጣት ጋር አንድ ነው፣ ወደ ውስጥ አይወድቅም። ትከሻ ዝቅ፣ ክርን ዝቅ። ጀርባ ቀጥ ይበል እንጂ አይገተር፤ ሴትየዋ አሁን የቆመችው ለወታደር ሰልፍ ነው። ሠዓሊው ካልገባው ሱቄ ይምጣ፣ ቡና አፍልቼ ቆሜ አሳየዋለሁ፤ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ደንበኛ የለብኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
ከመርካቶ፣ አዲስ አበባ